አንድ ሟች፣ ሁለት ፍርድ፦ «አንዳ ካኑን» የጠየቀውና የህንድ ፍርድ ቤቶች የመለሱት

በኦክቶበር 2024 በህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዳኞች ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የቆመ አንድ ሐውልት አገሬውን አነጋገረ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሐውልቷ የፍትሕ ምልክት የሆነችው ሴት ናት። ነጭ ናት፤ ሳሪ ለብሳለች። በቀኝ እጇ ሚዛን ይዛለች። ሰው ያወራው ግን ስለሌላት ነገር ነው። ዓይኗ ላይ ጨርቅ የለም። ሰይፍም የላትም፤ በሰይፉ ፋንታ የህንድን ሕገ መንግሥት ይዛለች። ያሠሯት የወቅቱ ዋና ዳኛ ዲ. ዋይ. ቻንድራቹድ ናቸው። ሐሳቡ አጭር ነው፦ ሕግ ዕውር አይደለም።

ይህን ወሬ ሰምቶ «አንዳ ካኑን» ትዝ የማይለው የድሮ ህንድ ፊልም ወዳጅ ያለ አይመስልም። ፊልሙ በ1983 የወጣ ነው። ርዕሱ «ዕውር ሕግ» ማለት ነው። «ካኑን» የሚለው ቃል ለእኛም ሩቅ አይደለም። «ቀኖና» ከምንለው ቃል ጋር አንድ የግሪክ ሥር አላቸው፤ እነሱ ዘንድ በፋርስና በአረብ በኩል ዞሮ ደረሰ፣ እኛ ዘንድ በቤተ ክርስቲያን በኩል።

እኛ አገር የማይመስል ነገር የሚያወራ ሰው ሲገኝ «የህንድ ፊልም አደረግከው» ይባላል። የዚህ ፊልም ዋና ትዕይንትም በመጀመሪያ እይታ እንደዚያ ያስብላል። ሲመረምሩት ግን የሕግ ተማሪን የሚያከራክር እውነተኛ ጥያቄ አለበት። ባልገደልኩት ሰው ታስሬ ከጨረስኩ በኋላ ያንኑ ሰው ብገድለው ሕግ ምን ያደርገኛል?

የፊልሙ ታሪክ ባጭሩ

አዘጋጁ ቲ. ራማ ራዎ ነው። ታሪኩ የተወሰደው በ1981 በታሚል ቋንቋ ከተሠራ ፊልም ነው። የዚያኛው ርዕስ «ሕግ ጨለማ ክፍል ነው» እንደማለት ነው። በደቡብ ህንድ ገናና የነበረው ራጅኒካንት የሂንዲ ሲኒማን የተቀላቀለው በዚህ ፊልም ነው። የሚጫወተው ቪጄይ የሚባል ወጣት ሆኖ ነው። ቤተሰቡን የገደሉ ሦስት ሰዎች በሕግ ክፍተት አምልጠዋል፤ እሱ አንድ በአንድ ይበቀላቸዋል። እህቱ ዱርጋ፣ ማለትም ሄማ ማሊኒ፣ ፖሊስ ናት። በሕግ ታምናለች። ስለዚህ ወንድሟን ታሳድደዋለች።

እስከዚህ ድረስ በዘመኑ በብዛት ከተሠሩት የበቀል ፊልሞች የተለየ ነገር የለውም። ፊልሙን ያቆየው የእንግዳው ተዋናይ ታሪክ ነው። አሚታብ ባችቻን ጃን ኒሳር አክታር ካን የሚባል የደን ጥበቃ ሹም ሆኖ ይመጣል። ሐቀኛ ሰው ነው። ከሰንደል እንጨት ዘራፊ ጋር ይጣላል። ዘራፊው የሞተ መስሎ ይሰወራል። ካን በነፍስ ግድያ ተፈርዶበት ወህኒ ይወርዳል። እሱ ታስሮ ሳለ ሚስቱና ልጁ ይሞታሉ። ፍርዱን ጨርሶ ሲወጣ ሟቹ በሕይወት አለ። ካን አሳድዶ ፍርድ ቤት ውስጥ፣ ዳኛው ፊት ይገድለዋል። ከዚያ ለችሎቱ የሚያነሳው ክርክር ይህ ነው፦ የዚህን ሰው ደም ዋጋ አስቀድሜ ከፍያለሁ፤ አሁን በምን ትቀጡኛላችሁ?

ክርክሩ ያስኬዳል?

ካን የተደገፈበት መርህ የፊልም ፈጠራ አይደለም። በአንድ ወንጀል ሁለት ጊዜ አለመቀጣት ይባላል። በተውሶ ስሙ «ደብል ጆፓርዲ» ነው። የህንድ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 2 ላይ አስፍሮታል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 23 ይኸው አለው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መርሁ ባይኖር መንግሥት የፈለገው ፍርድ እስኪወጣለት ድረስ አንድን ሰው በአንድ ጉዳይ ዕድሜ ልኩን ሲያመላልሰው ይኖር ነበር።

ነገር ግን መከላከያው ብዙ ሰው እንደሚያስበው ሰፊ አይደለም። የሚያግደው በአንድ ወንጀል ዳግም መክሰስንና መቅጣትን ነው። «አንድ ወንጀል» ሲባል ደግሞ አንድ ድርጊት ነው እንጂ አንድ ተበዳይ አይደለም። የክስ ወረቀት ቀን አለው፤ ቦታ አለው፤ «በዚህ ዕለት፣ እዚህ ቦታ፣ በዚህ መሣሪያ» ይላል። የካን የመጀመሪያ ክስ ከዓመታት በፊት ስለሆነ ነገር ነው፤ ለዚያውም ስላልሆነ ነገር። ሁለተኛው ክስ ዛሬ በችሎት ውስጥ ስለሆነ ነገር ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የሟቹ ስም ብቻ ነው። አንድ ሰው ጎረቤቱን ደብድቦ ታስሮ ከወጣ በኋላ እንደገና ቢደበድበው «ይህንን እኮ ታስሬበታለሁ» ማለት አይችልም። የካንም ነገር በሕግ ዓይን ከዚህ ብዙ አይርቅም።

የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህንን አጥር ገና በጠዋቱ አጥብቦ አጥሮታል። አንድ መንገደኛ ከጅዳ ተነስቶ ቦምቤይ (የዛሬዋ ሙምባይ) አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ 107 ቶላ ወርቅ ይዞ ተገኘ። ከአንድ ኪሎ በላይ መሆኑ ነው። ጉምሩክ ወርቁን ወረሰው። ቀጥሎም በውጭ ምንዛሪ ሕግ ተከሰሰ። ሰውየው «ወርቄን ስትወርሱ ቀጥታችሁኛል፤ ሁለተኛ ልትቀጡኝ አትችሉም» አለ። ፍርድ ቤቱ በ1953 አልተቀበለውም። ጉምሩክ ፍርድ ቤት አይደለም፤ ውርሱም ሕገ መንግሥቱ የሚለው ዓይነት ቅጣት አይደለም አለ። ለወርቅ እንኳን ያልተዘረጋ መከላከያ ለሰው ነፍስ ይዘረጋል ማለት ያስቸግራል።

ለካን የሚቀረው ሌላ መንገድ አለ። በወቅቱ የነበረው የ1860ው የህንድ ወንጀል ሕግ፣ ከባድና ድንገተኛ በሆነ ቁጣ የተገፋ ሰው ሲገድል ጥፋቱ ከነፍስ ግድያ ዝቅ እንደሚል ይደነግጋል። ሞተ የተባለን ሰው በድንገት በሕይወት ማየት እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ከባድ ቁጣ አለ? ችግሩ «ድንገተኛ» የሚለው ቃል ላይ ነው። ናናቫቲ በተባለው የባሕር ኃይል መኮንን ታዋቂ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1961 ሦስት ሰዓት ገደማ ቁጣን ለማብረድ በቂ ነው ብሏል። ካን ሰውየውን ባየበት ቅጽበት ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ነው። አሳድዶ፣ ቦታ መርጦ ሲሆን ግን ክርክሩ ይላላል።

ስለዚህ ለፊልሙ ጥያቄ ቀጥተኛው መልስ፣ ደስ ባይልም፣ ይህ ነው፦ ካን ጥፋተኛ ይባላል። የመጀመሪያው ፍርድ ስህተት መሆኑ ሊሻር ይገባዋል እንጂ ለወደፊት ግድያ ቅድሚያ ክፍያ ሊሆን አይችልም።

እንግዲያው ያለቀው ዕድሜ የማን ዕዳ ነው?

ፊልሙ የሚያሸንፈው እዚህ ላይ ነው። ካን የሕግ ክርክሩን ይሸነፍ ይሆናል፤ ጥያቄው ግን አይሸነፍም። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» የሚለው ተረት ሰው ከጥቅሙ ይልቅ ለፍትሕ እንደሚሳሳ ያሳያል። በካን ላይ የደረሰው ግን ተረቱ ያላሰበው ነገር ነው። በቅሎዋ የሄደችው በፍርድ ነው፤ ፍርዱ ራሱ ግን ውሸት ነበር። ለዚህ መልስ የሚሰጥ የሕግ በር በዚያ ዘመን ህንድ ውስጥ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ፊልሙ የወጣበትን ጊዜ ማየት ይረዳል። ከ1975 እስከ 1977 አገሪቱ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበረች። በ1976 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ያለ አግባብ ታስሬያለሁ» የሚል ሰው አዋጁ እስካለ ድረስ ፍርድ ቤት ሊሰማው እንደማይችል ወስኖ ነበር። በ1979 ደግሞ በቢሃር ክፍለ ግዛት ወህኒ ቤቶች ሳይፈረድባቸው፣ ተከሰሱበት በተባለው ወንጀል ቢፈረድባቸው ኖሮ ከሚታሰሩት በላይ የታሰሩ ሰዎች ጉድ ወጣ። ሳይቆይ፣ እዚያው ቢሃር ውስጥ ባጋልፑር በምትባል ቦታ ፖሊሶች ከ30 በላይ ተጠርጣሪዎችን ዓይናቸውን በመርፌ ወግተው አሲድ አፍስሰውባቸው አሳወሯቸው። አሲዱን «የጋንጋ ውሃ» ይሉት ነበር፤ ጠበል እንደማለት ነው። እንግዲህ «ዕውር ሕግ» የሚል ርዕስ ሲኒማ ቤት ደጃፍ ላይ ሲሰቀል ተመልካቹ ጆሮ ላይ ምን ምን እንደሚያስተጋባ መገመት አያዳግትም።

አስገራሚው ነገር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በዚያው በ1983 ሁለት ውሳኔዎች መስጠቱ ነው። ሁለቱም ለካን ታሪክ መልስ የተጻፉ ይመስላሉ።

አንደኛው፣ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው ፍርዱ ላይ እያለ ከገደለ ያለ ምርጫ ሞት ይፈረድበት የሚለውን የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 303 ሻረ። እስከዚያ ድረስ እንደ ካን ያለ ሰው ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት በአመክሮ ወጥቶ ቢገድል ዳኛው «ለምን ገደልክ?» ብሎ መጠየቁ ትርጉም አልነበረውም። መልሱ ምንም ሆነ ምን ገመድ ነው።

ሁለተኛው የአንድ የቢሃር ሰው ጉዳይ ነው። ፍርድ ቤት በጁን 1968 ነፃ ብሎታል። ከወህኒ የወጣው ግን በኦክቶበር 1982 ነው። ነፃ ከተባለ በኋላ ከ14 ዓመት በላይ ታሰረ። የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ሰውየው የአእምሮ ሕመም ስለነበረበት ነው ብሎ ሊያስረዳ ሞከረ፤ አላሳመነም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኦገስት 1983 ካሳ ፈረደለት። ቀድሞ ከተሰጠው 5 ሺህ ሩፒ ጋር በድምሩ 35 ሺህ ሩፒ። ለ14 ዓመት ተካፍሎ ሲታይ ለአንድ ዓመት 2,500 ሩፒ መሆኑ ነው። ገንዘቡ ያሳፍራል። ውሳኔው ግን ታሪካዊ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መሠረታዊ መብቱ ለተጣሰ ሰው ተራ የፍትሐ ብሔር ክስ ሳይጠብቅ በቀጥታ «መንግሥት ክፈል» ያለበት የመጀመሪያው ጉዳይ ነው።

በሁለቱም ችሎቶች ላይ ዋናው ዳኛ ዋይ. ቪ. ቻንድራቹድ ነበሩ። ከ41 ዓመት በኋላ የሐውልቷን ዓይን ያስገለጡት ዳኛ ልጃቸው ናቸው። አባትየው በ1976ቱ ውሳኔ ላይም ከድምፅ ሰጪዎቹ አንዱ ነበሩ፤ ከብዙኃኑ ጋር። ያንን ውሳኔ በ2017 ስህተት ነው ብለው ከሻሩት ዳኞች አንዱም ልጅየው ናቸው። ይህንን በፊልም ብናየው በእርግጥ «የህንድ ፊልም» እንል ነበር።

ጨርቁ ከየት መጣ?

የፍትሕ ሴት ዓይኗን መሸፈኗ ብዙ ሰው ከጥንት ጀምሮ ይመስለዋል። የሮማውያኑ የፍትሕ አምላክ ግን ዓይኗ ገላጣ ነበር። ጨርቁ ከታየባቸው ቀደምት ሥዕሎች አንዱ በ1494 ባዝል ከተማ ውስጥ በታተመ የጀርመንኛ ምጸታዊ መጽሐፍ ላይ ያለ ነው። በሥዕሉ ላይ የቀልደኛ ቆብ ያደረገ ቂል ከኋላዋ ቆሞ ዓይኗን ሲያስር ይታያል። ነገሩ ስድብ ነው፤ ፍርድ ቤቶች ማየት ተስኗቸዋል ለማለት። በኋላ ግን ትርጉሙ ተገለበጠ። ጨርቁ «ሀብታምና ድሃ አልለይም» የሚል የገለልተኝነት ምልክት ሆነ። ለንደን የሚገኘው የወንጀል ፍርድ ቤት አናት ላይ ያለችው ሴት ግን ዛሬም ጨርቅ የላትም።

ስለዚህ «ዕውር» የሚለው ቃል ሁለት ተቃራኒ ነገር ይዟል። አንዱ ማንነትን አለማየት ነው፤ ይህ በጎ ነው። ሌላው እውነትን አለማየት ነው፤ ፊልሙ የሚከስሰው ይህንን ነው። ሐውልቷ ላይ የተነሳው ክርክርም በከፊል ሁለቱን ካለመለየት የመጣ ይመስላል። ለውጡን የደገፉ ሰዎች የቅኝ ግዛት ቅርስ መወገዱን ወደዱት። የተቃወሙት ደግሞ ዓይኗ ከተገለጠ ቀድማ የምታየው ዘርና ሃይማኖት፣ የኪስ ውፍረትም ቢሆንስ ብለው ሰጉ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የጠበቆች ማኅበር ቅሬታ ከሁሉም ቀለል ይላል፦ ማን አማከረን?

ፊልሙ በቀልን አስተምሯል?

በዚህ ዓይነት ፊልሞች ላይ የሚነሳው ትልቁ ወቀሳ ይህ ነው። ተመልካቹ ችሎትን እንዲንቅና ሽጉጥን እንዲያምን ያደርጋሉ ይባላል። ወቀሳው መሠረት የለውም አይባልም። በዲሴምበር 2019 በሃይደራባድ አቅራቢያ በአስገድዶ መድፈርና ግድያ የተጠረጠሩ አራት ሰዎችን ፖሊስ ገደለ። ሕዝቡ በፖሊሶቹ ላይ አበባ በተነላቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በ2022 ፖሊሶቹ ሆን ብለው ለመግደል እንደተኮሱ ደመደመ። አራቱ ሰዎች ግን በችሎት ፊት አልቆሙም፤ ጥፋተኞች ይሁኑ አይሁኑ በፍርድ አልታወቀም።

በሌላ በኩል ፊልሙን ለዚህ ተጠያቂ ማድረግ መንስኤና ውጤትን መገልበጥ ነው የሚሉ አሉ። ህንድ ውስጥ ከ50 ሚሊዮን በላይ መዝገቦች ውሳኔ ይጠብቃሉ። ከእስረኞቹ ከአራቱ ሦስቱ ገና ያልተፈረደባቸው ናቸው። አበባ የበተነው ሕዝብ ይህንን የተማረው ከሲኒማ አይደለም፤ ከቀጠሮ ነው። ይህኛው ክርክር የበለጠ ያሳምናል። «አንዳ ካኑን» ራሱም በቀልን ንጹህ ድል አድርጎ አያሳይም። ካን ሲገድል ያጣው ነገር አይመለስለትም፤ ተመልካቹም ይህን ያውቃል።

የ2025ቱ ውሳኔ

በጁላይ 11 ቀን 2006 ሙምባይ ውስጥ በደቂቃዎች ልዩነት ሰባት ቦምቦች በከተማ ባቡሮች ላይ ፈነዱ። ከ180 በላይ ሰዎች ሞቱ። በ2015 አሥራ ሁለት ሰዎች ጥፋተኛ ተባሉ፤ አምስቱ ሞት፣ ሰባቱ ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። ከአምስቱ አንዱ በ2021 እስር ቤት ሳለ ሞተ። በጁላይ 21 ቀን 2025 የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዐቃቤ ሕግ ክሱን ማስረዳት አልቻለም ብሎ አሥራ ሁለቱንም ነፃ አወጣ። የሞተውም ጭምር ነፃ ተባለ። ከተያዙ 19 ዓመት ሊሞላቸው ነበር።

መንግሥት ወዲያው ይግባኝ አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከሦስት ቀን በኋላ ውሳኔው ለሌላ ጉዳይ መሠረት ሆኖ እንዳይጠቀስ አገደ። የተፈቱት ግን ወደ እስር ቤት እንዲመለሱ አላዘዘም።

ይህ ጉዳይ ከካን ታሪክ በአንድ ነገር ይለያል፤ ልዩነቱም ነገሩን ያከብደዋል። በፊልሙ ውስጥ ካን በታሰረበት ክስ ሟች የለም። በሙምባይ ግን ሟቾቹ በእርግጥ ሞተዋል። ያላጠፋ ሰው ሲታሰር የታሰረው ብቻ አይደለም የሚበደለው። ባቡሩ ላይ ልጇን ያጣች እናት ለ19 ዓመት «ገዳዩ ተይዟል» ስትባል ኖራ አሁን ማን እንደሆነ የሚነግራት የለም።

ካሳውስ? ህንድ ዓለም አቀፉን የፖለቲካና የሲቪል መብቶች ቃል ኪዳን በ1979 ስትቀበል አንድ ነገር አስይዛ ነው፦ ያለ አግባብ የታሰረ ሰው ከመንግሥት ካሳ የመጠየቅ ተፈጻሚ መብት በሕጌ የለም ብላለች። ከ1983ቱ ውሳኔ ወዲህ ፍርድ ቤቶች አንዳንዴ ካሳ ይፈርዳሉ፤ ግን እንደ ዳኛው ነው። የአገሪቱ የሕግ ኮሚሽን በ2018 ባወጣው 277ኛ ሪፖርቱ በስህተት የተከሰሱና የታሰሩ ሰዎች ካሳ የሚያገኙበት ሕግ እንዲወጣ መክሮ ነበር።

በጁላይ 1 ቀን 2024 ህንድ የቅኝ ግዛት ዘመኑን የወንጀል ሕግ ጥላ አዲስ ሕጎች በሥራ ላይ አዋለች። ለፊልም ተመልካች ለውጡ የሚታወቀው በቁጥሮቹ ነው። በየፊልሙ ዳኛው ሲጠራው የኖረው የነፍስ ግድያ አንቀጽ 302 አሁን 103 ሆኗል። ሰው አጭበርባሪን የሚሰድብበት 420ም 318 ገብቷል። ከአዲሱ ሥነ ሥርዓት ሕግ በጎ ነገር አልጠፋም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከሰሰ ሰው የከፍተኛውን ቅጣት አንድ ሦስተኛ ከታሰረ፣ ከባዶቹ ወንጀሎች ሲቀሩ፣ በዋስ እንዲወጣ ያዛል።

ያለ በቂ ምክንያት ስለታሰረ ሰው የሚናገረው አንቀጽም አለ። ድሮ ቁጥሩ 358 ነበር፤ አሁን 399 ነው። ካሳውን የሚከፍለው ሰውየውን ያሳሰረው ግለሰብ ነው። ጣሪያው ግን አልተነካም፤ እንደ ድሮው 1,000 ሩፒ ነው።